ነቀዙ ከየት መጣ? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

መጋቢት ከገባ በኋላ የዚህ አምድ የጥያቄ ሣጥን በየዓመቱ በአንድ ነገር ይሞላል። ሽምብራው ጥር ላይ ይወቃል፣ የካቲት ላይ ቤት ይገባል፣ የባሕር ዳር ሙቀት ሲጠነክር ደግሞ ከማዳበሪያው ውስጥ ዱቄት መራገፍ ይጀምራል። ዘንድሮም ከወረታ፣ ከቆላ ድባ፣ ከዘጌና ከዚሁ ከከተማችን የመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ነቀዝ ያደላሉ። ስለዚህ የአቮካዶውንና የጓሮ ጎመኑን ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ይህኛውን ለነቀዝ ለቅቄዋለሁ። ዶሯቸው እንቁላል መጣል ያቆመችባቸው እናትም ለዛሬ ይታገሱኝ።

«ቤቴ ንጹሕ ነው፤ ታዲያ ከየት ገባ?»

*እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። የካቲት ላይ ከፎገራ ገበሬ እጅ ግማሽ ኩንታል ነጭ ሽምብራ ገዛሁ። ለቅሜ፣ አበጥሬ በአዲስ ማዳበሪያ አሰርኩት። አንድም ነቀዝ አልነበረበትም፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሰሞኑን ስፈታው ቡናማ ነገር እየበረረ ፊቴ ላይ ወጣብኝ። ብዙው ሽምብራ ተበስቷል። ጎረቤቴ ጎተራዋን እንደማታጸዳ አውቃለሁ፤ ከእሷ ቤት እንዳልመጣ ግን ትምላለች። — ከቀበሌ 14*

መጀመሪያ ከጎረቤትዎ ጋር ይታረቁ። ነቀዙን በገንዘብዎ ገዝተው፣ አስጭነው፣ አስረው ያስገቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሲለቅሙ ያላዩት ሽምብራው ሆድ ውስጥ ስለነበረ ነው።

የሽምብራ ነቀዝ በሳይንሳዊ ስሟ ካሎሶብሩከስ ቻይነንሲስ ትባላለች። ስሙን በ1758 እ.ኤ.አ. ያወጣላት ስዊድናዊው ሊኒየስ ነው። እሱ ከባለ ረጅም አፍንጫዎቹ የእህል ነቀዞች ጋር መድቧት ነበር፤ የዛሬዎቹ ሊቃውንት ግን ከቅጠል በል ጢንዚዛዎች ቤተሰብ ያስቀምጧታል። ርዝመቷ ከ3 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ መልኳ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ አንገቷ ከጀርባዋ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ሁለት ነጫጭ ነጠብጣቦች አሏት። ወንዱን በቀንዱ ይለዩታል፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተተረተረ ነው።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከማዳበሪያው ያልተበሳ የሚመስል ሽምብራ አንድ እፍኝ አውጥተው ነጭ ሳህን ላይ ይበትኑ፣ መስኮት ዳር ይቀመጡ፣ የስልክዎን ካሜራ አጉልተው አንዱን ፍሬ እያገላበጡ ይዩት። ቅርፊቱ ላይ የተለጠፈች፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ሞላላ ነጥብ ያገኛሉ። በጥፍርዎ ቢነኳት አትረግፍም፤ እናቲቱ አጣብቃታለች። ነጥቧ የምታብረቀርቅና ውስጧ የሚታይ ከሆነ እንቁላሉ ገና አልተፈለፈለም። ድፍን ነጭ ከሆነች ግን ጉዳዩ አልቋል፤ እጯ በእንቁላሉ ሥር በኩል ቅርፊቱን ሰርስራ ገብታለች፣ የሰረሰረችውን ዱቄትም ወደ ኋላዋ ባዶው የእንቁላል ልባስ ውስጥ ጠቅጥቃዋለች። ነጭ ያደረገው ያ ዱቄት ነው። ልጅቱ ወደ ውጭ ሳትወጣ ከእንቁላል ወደ ሽምብራ ስለምትሻገር አመድም፣ ዱቄት መድኃኒትም፣ ጣትዎም አያገኛትም።

ፍሬውን ትንሽ ያዙሩት። ሌላ ጎኑ ላይ ክብ፣ ጠቆር ያለ፣ ከታች ባዶ መሆኑ የሚያስታውቅ ምልክት ካዩ እሱ መስኮት ነው። እጯ አድጋ መልኳን ከመቀየሯ በፊት እስከ ቅርፊቱ ድረስ ቆፍራ ስስ ክዳን ብቻ ታስቀራለች፤ ጢንዚዛ ስትሆን በራሷ ገፍታው እንድትወጣ ነው። በመርፌ ጫፍ ቢነኩት ክዳኑ ብቻውን ክብ ሆኖ ይነሣል፣ ከሥሩም እግሯን ሰብስባ የተኛች ነቀዝ ያገኟታል። እርስዎ የካቲት ላይ ሲለቅሙ መስኮቱ ገና አልተቆፈረም ነበር። ነጫጮቹ ነጥቦች ግን ነበሩ።

እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ማሳ ላይ ቅርፊቱ ሲደርቅ፣ አውድማ ላይ፣ ወይም ገበሬው ያለፈውን ዓመት ሽምብራ ባስቀመጠበት ጎታ ውስጥ ነው። የሚበርሩት ትልልቆቹ ነቀዞች እህል አይበሉም፤ ውኃም ሳይጠጡ ሁለት ሳምንት ገደማ ኖረው ይሞታሉ። ሽምብራዎን የበላችው እጯ ናት። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ከእንቁላል እስከ ጢንዚዛ አራት ሳምንት ገደማ ይበቃታል፤ ቤቱ ቀዝቀዝ ካለ ይረዝማል። አንዲት እናት 70 እንቁላል ጣለች፣ ሁሉም አደጉ፣ ግማሾቹም ሴት ሆኑ ብንል 35 እናቶች በሚቀጥለው ዙር 2,450 እንቁላል ይጥላሉ። የካቲት ላይ የማይታይ ነገር ሚያዝያ ላይ ፊትዎ ላይ የሚበርረው በዚህ ሒሳብ ነው።

ነጭ ሽምብራ መግዛትዎም አልረዳዎትም። እንደ አረርቲ ያሉት ትልልቅ ነጫጭ ዓይነቶች ቅርፊታቸው ለስላሳና ስስ ነው፤ እንቁላል ለመለጠፍም ለመሰርሰርም ይመቻል። ትንሹና ሸካራው ቀዩ ሽምብራ የተሻለ ይቋቋማል፤ ፈጽሞ አይነቅዝም ማለቴ ግን አይደለም።

ያለዎትን እንዲህ ያድርጉት። የተበሳውን ለይተው፣ ካልሻገተ፣ ለዶሮ ይስጡ። ከቀረው ውስጥ ለቤት ቀለብ የሚሆነውን ዛሬውኑ አምሰው ከክተው ያስቀምጡ፤ ምጣድ እንቁላሉንም እጩንም ይጨርሳል፣ ነቀዟም ክክ ላይ እንደ ድፍኑ አይሆንላትም። ፍሪዘር ካለዎት የተወሰነውን አየር በማያስገባ ላስቲክ አስረው አንድ ሳምንት ያቆዩት፤ ሲያወጡት ሙቀቱ እስኪመለስ ላስቲኩን አይፍቱ፣ አለዚያ እህሉ ይረጥብብዎታል። ለዘር የሚሆነውን በፀሐይ እንጨርሰዋለን። ጥቁር ላስቲክ መሬት ላይ ያንጥፉ፣ ሽምብራውን በስሱ ይበትኑ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ከላይ አልብሰው ጠርዙን ዙሪያውን በድንጋይ ይጫኑት። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይቆይ። ከላስቲኩ ሥር ያለው እህል 57 ዲግሪ ደርሶ አንድ ሰዓት ከቆየ በውስጡ ያለ ነቀዝ በየትኛውም ዕድሜ ላይ ቢሆን አይተርፍም። ሁላችንም የምናደርገው ሰፌድ ላይ ማስጣት ትልልቆቹን ያባርራል እንጂ ውስጥ ያሉትን አይነካም።

«ጾም ያስፈታል?»

*እትዬ፣ በሁዳዴ ነቀዝ ያለበት ሽምብራ አስፈጭቼ ሽሮ ሠራሁ። ወፍጮ ቤት ስደርስ ነው ያየሁት፣ ግን ወረፋው ረጅም ነበር። ጾሜን ፈታሁ ማለት ነው? — ከሽምብጥ*

ይህንን ለነፍስ አባትሽ አቅርቢ፤ እኔ የምመልሰው ለሆድ ብቻ ነው። ለሆድ ከሆነ ነቀዟ መርዝ የላትም፣ በሽታም አታስተላልፍም። ሽሮው ከከረፋና ከመረረ ግን ከኩስዋ የተጠራቀመው ቆሻሻ ወይም ሻጋታ ነው፤ የሻገተውን እህል ምንም ቢያሳዝንሽ አትብዪው። ወረፋው ረጅም መሆኑን ለነፍስ አባትሽም ንገሪያቸው፤ የወፍጮ ቤት ሰልፍ ያውቃሉ።

«ወደ ጤፉና ወደ በቆሎው ይዛመት ይሆን?»

*ወረታ ላይ አነስተኛ የእህል ሱቅ አለኝ። ሽምብራው ነቅዟል። አጠገቡ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ቦሎቄና ትንሽ ማሾ አለ። የቱን ቀድሜ ላሽሽ? አንድ ደንበኛዬ ነቀዝ ሁሉም አንድ ነው፣ ሁሉንም ይበላል ብሎ አስፈራራኝ።*

ደንበኛህ ዋጋ ሊያስቀንስህ ፈልጎ ይሆናል። እነዚህ ጢንዚዛዎች እያንዳንዳቸው የተወሰነ ዘመድ ተክል አላቸው፣ ከዚያ ውጭ አይወልዱም። ጤፍህን፣ በቆሎህን፣ ስንዴህን የሽምብራ ነቀዝ አትነካውም። በበቆሎ ላይ ካየህ ሌላ ነቀዝ ነው፤ ከፊቱ እንደ ዝሆን ኩምቢ የወጣ አፍንጫ አለው፣ የሽምብራዋ የላትም። ሁለቱን በመዳፍህ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ያለ መነጽርም ትለያቸዋለህ።

የምታሸሸው ምስሩንና ማሾውን ነው፣ ቀጥሎ ባቄላውን። የሽምብራ ነቀዝ በምስር፣ በማሾ፣ በአደንጓሬ መሰሉ የላም አተርም ሆነ በእርግብ አተር ላይ በደንብ ትራባለች፤ ባቄላም ጎተራ ውስጥ አይቀርላትም። የምስር ፍሬ ትንሽ ስለሆነች ከአንዷ ፍሬ የምትወጣው ነቀዝ ብዙውን ጊዜ አንድ ናት፤ ትልቅ ነጭ ሽምብራ ግን ሁለት ሦስቱን ያሳድጋል። ይህንን እናቲቱም ታውቃለች። እንቁላል ያለበትን ፍሬ ትታ ንጹሑን ትፈልጋለች፤ የምትደራርበው ንጹሕ ሲያልቅባት ነው። ስለዚህ አንዱ ፍሬ ላይ አራት አምስት ነጥብ ካየህ ማዳበሪያው ውስጥ ያልተያዘ ሽምብራ ጥቂት ነው ማለት ነው፤ ያንን ሸጠህ ለመገላገል አትሞክር፣ ደንበኛ ታጣበታለህ።

ቦሎቄው ነገሩ ለየት ይላል። የሽምብራ ነቀዝ ተሳስታ ቦሎቄ ላይ እንቁላል ልትለጥፍ ትችላለች፣ እጯም ሰርስራ ትገባለች፣ ከዚያ ግን ውስጥ ትሞታለች። ቦሎቄ ውስጥ የነቀዟን ስታርች የሚያፈጭ ንጥረ ነገር የሚያግድ ፕሮቲን አለ፤ ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። ቦሎቄህ ቢነቅዝ የራሱ ነቀዞች ናቸው፤ ከአሜሪካ አህጉር ከቦሎቄው ጋር ወደ ዓለም የተሠራጩ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንደኛዋ እንቁላሏን እንደ ሽምብራዋ ፍሬው ላይ ታጣብቃለች፣ ሌላዋ በፍሬዎቹ መካከል በትናለት ትሄዳለች። ሁለተኛዋን ነጥብ ፈልገህ አታገኛትም፤ ማዳበሪያውን አራግፈህ ታቹን ተመልከት።

ሽምብራውን ወደ ሱቁ ጓሮ ማውጣት ብቻ ማሸሽ አይባልም፤ ይበርራሉ። ባዶውን ማዳበሪያ አገላብጠህ አራግፍ፣ የፈላ ውኃ አፍስስበት፣ ስፌቱ ውስጥ ተደብቀው የቀሩትን ፍሬዎች አውጣ። የእህል መጋዘን እየዞርኩ በማይበት ዘመን ነቀዝ ከዓመት ዓመት የሚተላለፈው በአብዛኛው ከወለል ስንጥቅና ከአሮጌ ከረጢት ስፌት በቀረ አንድ እፍኝ እህል ነበር።

«ለአንድ ኩንታል ስንት ክኒን?»

*ቆላ ድባ አካባቢ ሽምብራ አመርታለሁ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ለመግዛት አስቤ ነበር። ጎታው ያለው ልጆቹ በሚተኙበት ክፍል ነው። ለአንድ ኩንታል ስንት ልጨምር?*

አንድም።

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፣ ሰውንም እንደዚያው። በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ በኮርኒስ፣ በጎታው ክዳን ሥር ሾልኮ ይወጣል፣ ልጆቹም ተኝተው ይተነፍሱታል። ማርከሻ የለውም። ይህ ነገር የተሠራው ታሽጎ ለሚታጠን መጋዘን፣ ጭምብልና መለኪያ ላለው ሠልጣኝ ሰው ነው። በመንደር ገበያ እንደ ከረሜላ ተቆጥሮ ሲሸጥ ሳይ እናደዳለሁ፤ ሻጩ ስንት እንደሚጨመር እንጂ ማን የት እንደሚተኛ አይጠይቅም። ገዝተህ ከሆነ ቤት ውስጥ አታሳድረው፤ ውኃም እሳትም አታስነካው፤ የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠርተህ አስረክብ።

ያለ ክኒን የሚሆነው ይኸውልህ። አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፣ ብዙ ሰው ፒክስ ይለዋል፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢት፣ ውጩ ተራ ማዳበሪያ ነው። መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በካሜሩን ለላም አተር ተብሎ የተጀመረ የምርምር ሥራ ነው፤ ያኛውን የሚያጠቃው የዚችው የሽምብራችን ነቀዝ የቅርብ ዘመድ ነው። አሠራሩ ደስ ይለኛል። ሽምብራውን በደንብ አድርቀህ፣ በጥርስህ ስትነክሰው ቀጭ ብሎ እስኪሰበር፣ ከረጢቱን ትሞላለህ፣ አየሩን በእጅህ ጨምቀህ አስወጥተህ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻው ጠምዝዘህ አጥፈህ ታስራለህ። ውስጥ የቀሩት ነቀዞች በጥቂት ቀናት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። እነዚህ ፍጡራን በዘመናቸው ውኃ አይጠጡም፤ የሚያስፈልጋቸውን ውኃ ራሳቸው ከምግባቸው የሚሠሩት በኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ሲያልቅ መብላት ያቆማሉ፣ ቀስ እያሉ ይደርቃሉ። ከዚህ በኋላ ማድረግ የሌለብህ አንድ ነገር መጓጓት ነው። አንድ ወር ሳይሞላ የሚከፍተው ሰው አየር አስገብቶ ያድናቸዋል። አይጥም እንዳይበሳው ከግድግዳ አርቀህ እንጨት ላይ አስቀምጠው።

ከረጢቱን ካላገኘህ ንጹሕ ጀሪካን ያው ነው፤ እስከ አፉ ሞልተህ ክዳኑን አጥብቅ። ግማሽ የሞላ ጀሪካን ግን ለነቀዝ የሚበቃ አየር አለው። ለዘር የምትፈልጋት ጥቂት ኪሎ በሃይላንድ ጠርሙስ ትበቃለች። ለቤት ፍጆታ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ሽምብራ 5 ሚሊ ሊትር ያህል የኑግ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፣ ጨምረህ ፍሬው ሁሉ እስኪያብረቀርቅ ማሸት ነው። ዘይቱ አዲስ የተጣለውን እንቁላል ያፍነዋል፤ ቀድሞ የገባውን እጭ ግን አያወጣውም፣ ስለዚህ እንደታጨደ ሰሞን ብታደርገው ነው የሚጠቅምህ። የአባቶቻችን ዘዴ ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ ነበር፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዟ የምትሄድበትን መንገድ ያሳጣታል። ወንፊት ያላት ሚስት ካለችህ ይህንን ቀድመህ አማክራት፤ መለየቱ የእሷ ሥራ ይሆናል።

«ታሽጎ የመጣ አተር ነቀዘ»

*እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ ወንድሜ ከጋይንት አተር በየዓመቱ ይልክልኛል። ዘንድሮ በጥሩ ሁኔታ ተቋጥሮ መጣ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንዳንዱ ፍሬ ትልልቅ ነቀዝ መውጣት ጀመረ። እንደ ሽምብራው ሁሉ ቤቱን ይወርሩት ይሆን?*

አይወርሩትም። የእርስዎ ሌላ ናት፣ የአተር ነቀዝ፣ ብሩከስ ፒሶረም። ከሽምብራዋ ተለቅ ትላለች፣ 5 ሚሊ ሜትር ትጠጋለች፣ ኑሮዋም ሌላ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ አረንጓዴ የአተር ቅርፊት ላይ ብቻ ነው፤ ብርቱካንማ ቢጫ ሆኖ ወንድምዎ ማሳ ላይ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ይታየዋል። እጯ ቅርፊቱን በስታ እሸቱ አተር ውስጥ ትገባለች፣ የገባችበትም ቀዳዳ ፍሬው ሲያድግ ይደፈናል። ከአንድ ፍሬ አንዷ ብቻ ታድጋለች። ደረቅ አተር ላይ መልሳ አትወልድም፤ እንቁላሏ እንኳ የሚበስለው የአተር አበባ ዱቄት ከበላች በኋላ ነው። በዓመት አንድ ትውልድ፣ አንድ ተክል። ሳሎንዎ ውስጥ የአተር አበባ ከሌለ ምንም አታደርግዎትም።

ችግሩ ያለው ወንድምዎ ጋር ነው። እነዚህ ጢንዚዛዎች ከፍሬው ወጥተው በዛፍ ልጥና በሣር ክዳን ሥር ከርመው አተሩ ሲያብብ ወደ ማሳው ይመለሳሉ፤ ውስጡ ነቀዝ ያለበት ዘር ከተዘራም በዚያው ይገባሉ። አተሩ እንደተወቃ፣ ነቀዞቹ ሳይወጡ፣ ወንድምዎም ጎረቤቶቹም አየር በማያስገባ ነገር ቢያሽጉት ውስጡ ያሉት እዚያው ያልቃሉ። አንድ ቤት ብቻውን ቢያደርገው ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ከጎረቤት ማሳ በርረው ይመጣሉ። ሲደውልልዎ ይህንን ይንገሩት፤ ለመንደሩ ቢያዳርሰው ደግሞ የሚልክልዎ አተር ይበዛል።

«ጥቃቅን ጉንዳን መሳይ ነገሮች»

*ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጥኩት የነቀዘ ምስር ጋር ክንፍ ያላቸው ጥቃቅን ጥቋቁር ነገሮች አየሁ። አዲስ ነቀዝ ነው? — ተማሪ፣ ባሕር ዳር*

ጥሩ ዓይን አለህ። ተርቦች ናቸው፣ የነቀዝ ጠላቶች። እናቲቱ ምስሩ ላይ እየተራመደች እጭ ያለበትን ፍሬ ትለያለች፣ ከኋላዋ ባለው ቀጭን መርፌ ቅርፊቱን በስታ እጩ ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ ልጇም እጩን በልታ ታድጋለች። ሰው አይነድፉም። ጠርሙሱን አትጣለው፤ አፉን በስስ ጨርቅ አስረህ የሚወጣው ነቀዝ ይሁን ተርብ ተመልከት። ለምሳህ ግን ሌላ ምስር ግዛ።

«ሽምብራ ስለቅም ያሳክከኛል»

*ሽምብራ ስለቅም ከዋልኩ ማታ ክንዴና አንገቴ ሽፍ ይላል። ነቀዝ ይነክሳል እንዴ? — ከሐሙሲት*

ነቀዝ አይነክስም። በነቀዘ እህል ውስጥ ነቀዞችን እየበላች የምትኖር በዓይን የማትታይ ቅንቅን አለች፣ እሷ ሰውንም ትነክሳለች፤ ማታ ማሳከኩም የእሷ ጠባይ ነው። የእህል አቧራውም ቆዳ ይቆጣል። ረጅም እጅጌ ለብሰሽ ውጭ፣ ነፋስ ከጀርባሽ ሆኖ ልቀሚ፤ እንደጨረስሽ ልብስሽን ቀይረሽ ታጠቢ። ሽፍታው ካልለቀቀሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

«ብርብራስ?»

*ዘጌ አካባቢ ዓሣ አጥማጅ ነኝ። የብርብራ ዛፍ ዘር ዱቄት ዓሣ ለመያዝ ውኃ ላይ እንደሚነሰነስ ያውቃሉ። አንድ ሰው ሽምብራ ላይ ቢነሰነስ ነቀዝ ያጠፋል አለኝ። እውነት ነው?*

እውነት ነው፤ እንዳታደርገው የምነግርህም ለዚህ ነው። የብርብራ ዘር ሮቴኖን የተባለ መርዝ አለው። ቀረሶ የተባለውን ዓሣ ውኃ ላይ ጀርባው አንጋልሎ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው፣ ሕዋሶቹ ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል፤ በነቀዝም ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ተመራማሪዎች የዘሩን ዱቄት በቦሎቄና በሽምብራ ነቀዞች ላይ ሞክረው መግደሉን አይተዋል። ነገር ግን አንተ ሽምብራውን ትበላዋለህ። በእጅ ተነስንሶ የቱ ፍሬ ምን ያህል እንደያዘ ማንም አይለካልህም። ለዘር ብቻ ካልሆነ አታድርገው፤ ያም ተለይቶ ምልክት ይደረግበት፣ ከሚበላ እህል ጋር አይቀመጥ። የተነሰነሰበትን ዕቃ ደግሞ ጣና ዳር ወርደህ እንዳታጥበው። በዓሣው ላይ ስለሚደረገው ነገር የማስበውን ሳትጠይቀኝም ታውቀዋለህ፤ ጫጩቱም ትልቁም አብሮ ያልቃል፣ ሕግም ይከለክለዋል።

«የግራር ዘራችን ተበሳ»

*እኛ ችግኝ ለማፍላት የተደራጀን ወጣቶች ነን። ከሐይቁ ዳር ከወደቀ የግራር ፍሬ ዘር ለቀምን፤ ብዙው ክብ ቀዳዳ አለው። ሽምብራ ያለበት ቤት አስቀምጠነው ነበር፣ ከዚያ ተላልፎ ይሆን? የተበሳውስ ይበቅላል?*

ከሽምብራው አልተላለፈም፤ ግራር የራሱ ነቀዞች አሉት፣ ብሩኪዲየስ የሚባሉ ብዙ ዓይነቶች። እነዚህም እንደ አተሯ ዛፉ ላይ ይጀምራሉ፣ ፍሬው መሬት ላይ በቆየ ቁጥርም ይብሳሉ። እንግዲህ ከመሬት መልቀም ትታችሁ ፍሬው ቡናማ እንደሆነ ሳይረግፍ ከዛፉ ላይ አውርዱ፣ ዘሩን በዚያው ሳምንት ፈልቅቁ። ከተበሳው ውስጥ ፅንሱ ያልተነካ አንዳንዱ ሊበቅል ይችላል፤ የችግኝ ላስቲክና አፈር ለምትገዙ ልጆች ግን አያዋጣችሁም፣ ጣሉት።

ከዚህ የሚሻል የዘር ምንጭ ልጠቁማችሁ። ፍየል የግራር ፍሬ ስትበላ ጠንካራው ዘር ብዙውን ጊዜ ሳይፈጭ በበጠጧ ይወጣል። በምሥራቅ አፍሪካ የተሠራና በ1974 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በእንስሳት ሆድ ያለፈ የግራር ዘር ላይ የነቀዙ ጉዳት ቀንሶ አግኝቷል፤ ፍሬው ቶሎ ከተበላ ገና ትንንሽ የሆኑት እጮች ሆድ ውስጥ ይሞታሉ። ጠዋት ፍየሎች ያደሩበትን በረት የሚጠርግ ሰው ካወቃችሁ ጥራጊውን ለምኑት፣ በወንፊት አጥልላችሁ ዘሩን ልቀሙ። ከዛፍ ያወረዳችሁትን ደግሞ ውኃ አፍልታችሁ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ዘሩን ጨምሩበት፤ በዚያው ቀዝቅዞ ይደር፣ በማግሥቱ ያበጠውን ዝሩ፣ ያላበጠውን በድጋሚ ንከሩ።